ከኦበርን ጎዳና የተነሣው ልጅ፦ የዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ አስተዳደግና ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በአትላንታ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን የዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ስም እንግዳ አይደለም። ልጆቻችን በትምህርት ቤት ታሪካቸውን ይማራሉ። በየዓመቱ በጃንዋሪ ወር ሦስተኛ ሰኞ የመታሰቢያ በዓላቸው ሲውል ሥራና ትምህርት ይዘጋል፤ ዕለቱም ከጥምቀት በዓላችን ጋር በአንድ ሰሞን ይገናኛል። ነገር ግን አብዛኞቻችን የምናውቃቸው በዋሽንግተን አደባባይ በሕዝብ ፊት ቆመው ሲናገሩ፣ የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲቀበሉ፣ በመጨረሻም በጥይት ሲወድቁ ነው። ያ ሰው ከምን ዓይነት ቤት ወጣ? ማን አስተማረው? ልቡ የቆሰለው መቼ ነበር? ቍስሉስ ወደ ጥላቻ ሳይለወጥ እንዴት ቀረ? ልጆቻችንን በዚህች ከተማ የምናሳድግ ወላጆች ይህን ብንጠይቅ ተገቢ ነው።

አስቀድመን አንድ ነገር እንናገር። ዶክተር ኪንግ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ እንጂ የእኛ ሃይማኖት ልጅ አልነበሩም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ገድል አይደለም፤ የጎረቤት ልጅ ታሪክ ነው። ዓመታቱም በሌላ ካልተገለጸ በቀር በአሜሪካ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የተወለደበት ዕለትና ቤት

ሕፃኑ የተወለደው ማክሰኞ ጃንዋሪ 15 ቀን 1929 ነው። ይህ ዕለት በእኛ አቆጣጠር ጥር 7 ቀን 1921 ዓ.ም.፣ ቤተ ክርስቲያናችን የቅድስት ሥላሴን በዓል የምታከብርበት ቀን ነበር። ዓመቱም በአገራችን ራስ ተፈሪ መኰንን የንጉሥነት ዘውድ የጫኑበት ዓመት ነው።

የተወለደበት ባለ ሁለት ፎቅ የእንጨት ቤት በኦበርን ጎዳና ቍጥር 501 ላይ ዛሬም ቆሞ ይታያል። ጎዳናው በዚያ ዘመን የጥቁር አሜሪካውያን የንግድ፣ የባንክ፣ የጋዜጣና የአብያተ ክርስቲያናት መንደር ነበር። ከቤቱ ጥቂት እርምጃ እንደተራመዱ አያቱና አባቱ ያገለገሉበት የኤቤኔዘር ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ስሙ ነቢዩ ሳሙኤል ካቆመው የረድኤት ድንጋይ፣ በእኛ መጽሐፍ አቤንኤዘር ተብሎ ከሚጠራው የተወሰደ ነው።

ለሕፃኑ የወጣለት ስም ማርቲን አልነበረም። እንደ አባቱ ሚካኤል ተብሎ ተጠራ። በ1934 አባቱ በበርሊን ለተደረገው የዓለም ባፕቲስቶች ጉባኤ ሲሄዱ በመንገዳቸው ግብፅንና ኢየሩሳሌምን አዩ፤ በጀርመን አገርም የሉተርን ታሪክ በቅርብ ተመለከቱ። ሲመለሱ የራሳቸውንም የልጃቸውንም ስም ማርቲን ሉተር አሉት። ልጁ ያን ጊዜ አምስት ዓመቱ ነበር።

የአያትና የአባት ውርስ

የእናቱ አባት ፓስተር አዳም ዳንኤል ዊሊያምስ በ1894 ኤቤኔዘርን ሲረከቡ ምእመናኑ 13 ብቻ ነበሩ። እኒህ ሰው ምንም በሌለበት ጀምረው ቤተ ክርስቲያኑን ከአትላንታ ታላላቅ አጥቢያዎች አንዱ አደረጉት። በስብከት ብቻም አልተወሰኑም። በዚያ ጊዜ በአትላንታ ለጥቁር ልጆች አንድም የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አልነበረም፤ ፓስተር ዊሊያምስና ባልደረቦቻቸው ሕዝባቸውን አስተባብረው፣ ለጥቁር ልጆች ድርሻ እስካልተሰጠ ድረስ ለከተማው የትምህርት ቤት ብድር ድምፃችንን አንሰጥም ብለው ተከራከሩ። ከዚያ ትግል ቡከር ቲ. ዋሽንግተን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተገኘ፤ በ1924ም ተከፈተ። አያቱ በ1931 ሲሞቱ ማርቲን ገና የሁለት ዓመት ሕፃን ነበር። ይሁን እንጂ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ የገባው በዚያው አያቱ በታገሉለት ትምህርት ቤት ነው።

አባቱ የመጡት ከአትላንታ በስተደቡብ ከምትገኘው ከስቶክብሪጅ ነው። የጢሰኛ ገበሬ ልጅ ነበሩ፤ ወደ ከተማ ሲገቡ ወጣት ሰባኪ ይሁኑ እንጂ የነበራቸው ትምህርት እጅግ ጥቂት ስለነበር፣ ሙሉ ሰው ሆነው ከአምስተኛ ክፍል ጀመሩ። ቀን እየሠሩ፣ ማታ እየተማሩ፣ የሞርሃውስ ኮሌጅ የመግቢያ ፈተና ቢያስቸግራቸው የኮሌጁን ፕሬዚዳንት ደጅ ጠንተው ገቡ። በ1930 ሲመረቁ ልጃቸው አንድ ዓመት አልፎት ነበር። ከመካከላችን ሌሊት ታክሲ እየነዳ፣ ወይም በመጋዘን ሲሠራ አድሮ፣ ቀን በኮሌጅ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን ታሪክ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

እናቱ ወይዘሮ አልበርታ የፓስተር ዊሊያምስ ልጅ ሲሆኑ የተማሩ ነበሩ። በኤቤኔዘር ኦርጋን ይደረድራሉ፤ መዘምራኑንም ይመራሉ። ማርቲን ገና በአራትና በአምስት ዓመቱ እናቱ እየደረደሩለት በጉባኤ ፊት ቆሞ ይዘምር ነበር። ከታላቅ እኅቱ ከክሪስቲንና ከታናሽ ወንድሙ ከአልፍሬድ ዳንኤል ጋር ሆኖ ፒያኖ ተማረ። የእናታቸው እናት ጄኒ ዊሊያምስ ከእነርሱ ጋር ይኖሩ ስለነበር፣ ማታ ማታ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ እንደ ተረት እያጣፈጡ የሚነግሯቸው እኒያ አያት ነበሩ። አባት ግን ጥብቅ ነበሩ፤ ሲያጠፉ ይገርፋሉ። ማርቲን ሲገረፍ ድምፅ አያሰማም ነበርና አያቲቱ ስለ እርሱ በሌላ ክፍል ሆነው ያለቅሱ ነበር ይባላል።

ትምህርት ለመጀመር ያደረገው ችኰላም ይነገራል። ዕድሜው ሳይደርስ ከእኅቱ ጋር ተጠግቶ አንደኛ ክፍል ገባ። አንድ ቀን ግን በልደቱ ኬክ ላይ አምስት ሻማ እንደነበረ ሲያወራ መምህርቱ ሰማችና ዓመቱ እስኪሞላ ወደ ቤቱ ሰደደችው።

የመጀመሪያው ቍስል

በዚያ ዘመን በአትላንታ የጥቁርና የነጭ ኑሮ በሕግ የተለየ ነበር። ትምህርት ቤቱ፣ አውቶቡሱ፣ የውኃ መጠጫው፣ መናፈሻው፣ የሲኒማው መግቢያ ሁሉ ሁለት ነበር። ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት አቅራቢያ የሚታየው የስቶን ማውንቴን ተራራም በ1915 የኩ ክሉክስ ክላን ማኅበር ዳግመኛ የተመሠረተበት ቦታ ነው።

ሕፃን ይህን ሁሉ አያውቅም። ማርቲን ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ አብሮት የሚጫወት አንድ ነጭ ጓደኛ ነበረው፤ የልጁ አባት ከቤታቸው ፊት ለፊት ሱቅ ነበረው። ስድስት ዓመት ሲሞላቸው ሁለቱ ወደየተለያየ ትምህርት ቤት ገቡ። ከዚያ በኋላ ያ ጓደኛው፣ አባቴ ከአንተ ጋር እንዳልጫወት ከልክሎኛል ብሎ ነገረው። ማርቲን እያዘነ ወደ ቤት ገባ። የዚያን ዕለት በማዕድ ዙሪያ ወላጆቹ ስለ ባርነት ዘመንና ስለ መድልዎው ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ ነገሩት። እናቱም ከማንም እንደማያንስ፣ ይህን በልቡ እንዲይዝ አስረዱት።

ሕፃኑ ግን በዚያ ቀን ነጮችን ሁሉ ለመጥላት ቈረጠ። ወላጆቹ፣ ክርስቲያን ነህና መውደድ ግዴታህ ነው ሲሉት፣ የሚጠላኝን እንዴት እወዳለሁ የሚለው ጥያቄ በልቡ ቀረ። ይህ ጥያቄ ለዓመታት አልለቀቀውም። በኋላ ዓለም ያደነቀው ትምህርቱ ከዚህ የስድስት ዓመት ሕፃን ጥያቄ የበቀለ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አባቱ በቃል ብቻ ሳይሆን በሥራ ያስተምሩት ነበር። አንድ ጊዜ ጫማ ሊገዙለት ወደ መሐል ከተማ ወስደውት ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ሻጩ ወደ ኋላ ካልሄዳችሁ አላስተናግዳችሁም ሲላቸው፣ እዚሁ ተቀምጠን እንገዛለን፣ አለዚያም አንገዛም ብለው የልጃቸውን እጅ ይዘው ወጡ። ሌላ ጊዜ የትራፊክ ፖሊስ መኪናቸውን አስቁሞ እንደ ልጅ አቃልሎ ሲጠራቸው፣ ልጅ ማለት ይህ ነው ብለው አጠገባቸው የተቀመጠውን ማርቲንን አሳዩት፤ እኔ ሙሉ ሰው ነኝና እንደ ሰው ካልጠራኸኝ አልሰማህም አሉት። የከተማውንም አውቶቡስ፣ ጥቁር ተሳፋሪዎች ሲደበደቡ ካዩ በኋላ፣ መሳፈር ተዉ።

ቤተሰቡ ግን ሁልጊዜ አልተሳካለትም። በዲሴምበር 1939 ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ የተባለው ፊልም በአትላንታ ሲመረቅ፣ ነጮች ብቻ በተጋበዙበት የዳንስ ምሽት የኤቤኔዘር መዘምራን እንዲዘምሩ ተጠየቁ። ወይዘሮ አልበርታ የመሩት ጓድ እንደ ባርነት ዘመን አገልጋዮች ለብሶ ዘመረ፤ የአሥር ዓመቱ ማርቲንም ከመካከላቸው ነበረ። ብዙ ጥቁር ሰባኪዎች በአባቱ አዘኑ። ጠንካራ ቤተሰብም በጠባብ መንገድ ሲሄድ እንደሚሰናከል ይህ ያሳያል።

የአያቱ ሞት

በሜይ 18 ቀን 1941፣ እሑድ፣ ማርቲን ቤት ተቀምጦ ማጥናት ሲገባው ሳያስፈቅድ ሰልፍ ለማየት ወደ ከተማ ሄደ። በዚያው ሰዓት አያቱ ጄኒ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ በልብ ሕመም ዐረፉ። የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ ወሬውን ሲሰማ፣ እግዚአብሔር ስለ እኔ ኃጢአት ወሰዳቸው ብሎ አመነ። ከሐዘኑ ብዛት ከሁለተኛው ፎቅ መስኮት ዘለለ፤ በቸርነቱ ተረፈ።

ያን ጥብቅ አባት እዚህ ላይ ማየት ይገባል። አልተቈጡትም። ሞትና ሕይወት በእግዚአብሔር እጅ እንደሆነ፣ የአያቱም ሞት የእርሱ ጥፋት እንዳልሆነ እያስረዱ አጽናኑት። ስለ ነፍስ ሕያውነትና ስለ ሙታን ተስፋ በብርቱ ማሰብ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ልጆቻችን ዘመድ ሲሞት በሹክሹክታ ከሚነገረው ወሬ ብቻ የሚሰሙት ብዙ ነገር አለ። ሐዘኑን ከእነርሱ ስንሸሽግ ጥፋተኝነቱን ብቻቸውን ይሸከሙታል።

የጥያቄ ዘመን

በ1942 ማርቲን ወደ ቡከር ቲ. ዋሽንግተን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባ። ጋዜጣ እያደለ ገንዘብ ያገኝ ነበር፤ በ13 ዓመቱም የአንድ የጋዜጣ ማከፋፈያ ምክትል ኃላፊ ሆነ። በትምህርቱ ክፍል እየዘለለ ሄደ።

በዚህ ዕድሜው በሰንበት ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ስለ ጌታችን ትንሣኤ ጥርጣሬውን በግልጽ ተናግሮ መምህራኑን አስደነገጠ። ለእኛ ትንሣኤው የሃይማኖታችን መሠረት ነውና ይህን ስንሰማ እንደነግጥ ይሆናል። ነገር ግን ጉዳዩን ረጋ ብለን እንመልከት። ልጁ የተወለደው በሰባኪ ቤት፣ ያደገው በመዘምራን መካከል ነው፤ ያም ሆኖ ጠየቀ። በዚያን ጊዜ በቂ መልስ የሚሰጠው ሰው አላገኘም፤ ጥያቄውን ታቅፎ ወደ ኮሌጅ ሄደ። ልጆቻችንም እንዲሁ ታቅፈው እንዳይሄዱ ያሰጋል።

በኤፕሪል 1944፣ የ15 ዓመት ልጅ ሳለ፣ በደብሊን ጆርጂያ በተደረገ የንግግር ውድድር ላይ ጥቁር ሕዝብ በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ስላለው መብት ተናገረ። ሲመለስ ከመምህርቱ ከወይዘሮ ብራድሌይ ጋር በተሳፈረበት አውቶቡስ፣ ነጮች ሲገቡ ሹፌሩ ወንበራቸውን እንዲለቁ አዘዛቸው። ማርቲን አልነሣም ብሎ ነበር፤ ነገር እንዳይከፋ መምህርቱ ስለለመኑት ተነሣ። ወደ አትላንታ ሲመለሱ ዘጠና ማይል ያህል ቆመው ተጓዙ። ስለ ሕገ መንግሥት ተናግሮ የተጨበጨበለት ልጅ በዚያው ምሽት ወንበር ተከለከለ። በሕይወቱ እንደዚያ ምሽት ተቈጥቶ እንደማያውቅ ኋላ ተናግሯል።

በዚያው በጋ ለኮሌጅ የሚሆነውን ገንዘብ ለማግኘት ከሌሎች ተማሪዎች ጋር በኮነቲከት፣ በሲምስበሪ ከተማ፣ በትምባሆ እርሻ ሠራ። ከዚያም ለእናቱ በላከው ደብዳቤ ከነጮች ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጦ እንደጸለየ፣ በፈለገበት ምግብ ቤትም እንደበላ ጻፈ። ነገር ግን በባቡር ሲመለስ ዋሽንግተን ላይ ወደ ጥቁሮች ፉርጎ መዛወር ግድ ሆነበት፤ በመመገቢያውም ፉርጎ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀመጠ። ሌላ ዓይነት ኑሮ እንደሚቻል በዓይኑ አይቶ መመለሱ የቀድሞውን ሸክም ይበልጥ ከባድ አደረገበት።

ሞርሃውስ

በጦርነቱ ምክንያት የተማሪ ቍጥር አንሶ ስለነበር ሞርሃውስ ኮሌጅ ወጣት ተማሪዎችን ይቀበል ነበር። ማርቲን በሴፕቴምበር 1944፣ ገና በ15 ዓመቱ፣ አባቱና አያቱ በተማሩበት ኮሌጅ ገባ። ሲገባ የንባብ ችሎታው ከስምንተኛ ክፍል ተማሪ አይበልጥም ነበር፤ ውጤቱም ተራ ነበር። ለልዩነት የተከፈለ ትምህርት ቤት ብልህ ልጅን እንኳ እንዴት ወደ ኋላ እንደሚያስቀር ይህ ይመሰክራል።

አባቱ ሰባኪ እንዲሆን ይመኙ ነበር። እርሱ ግን በመጀመሪያ ሐኪም፣ ቀጥሎም ጠበቃ ለመሆን አሰበ። በቤተ ክርስቲያን የሚያየው ጩኸትና ስሜት የአእምሮን ጥያቄ የሚመልስ አልመሰለውም። በእኛ ቤት ልጁ ሐኪም ልሁን ቢል ደስታ ይሆናል፤ ቤተ ክርስቲያን ላገልግል ቢል ደግሞ ብዙ ወላጅ ይጨነቃል። በኪንግ ቤት ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። አባትየው ምኞታቸውን አልደበቁም፤ ሆኖም ውሳኔው የልጁ ሆኖ ቆየ።

የመለሱት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ዶክተር ቤንጃሚን ሜይስ ነበሩ። በባርነት ከተወለዱ ወላጆች በደቡብ ካሮላይና ተወልደው ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ ያገኙት እኒህ ሰው በየሳምንቱ በጸሎት ቤት ለተማሪዎቹ ይናገሩ ነበር። ማርቲን ንግግራቸውን እየጻፈ ይከታተል፣ ከዚያም በኋላ ወደ ቢሯቸው እየሄደ ይከራከራቸው ነበር። ሁለተኛው የሃይማኖት መምህሩ ጆርጅ ኬልሲ ናቸው፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርታቸው ልጁ ሳይሸሽ እንዲጠይቅ፣ ከንባቡ ጀርባም ጥልቅ እውነት እንዲፈልግ አደረገው። የኬልሲ መንገድ ከአባቶቻችን የአንድምታ ትርጓሜ ጋር አንድ ነው ማለታችን አይደለም። ነገር ግን በጉባኤ ቤቶቻችን ተማሪው እየጠየቀ፣ የኔታም እየመለሱ አንዱን ንባብ በብዙ ወገን መፍታት የቆየ ሥርዓታችን መሆኑን እናስታውስ። ጥያቄን መፍራት ከአበው የወረስነው አይደለም።

በ1946 በጋ በጆርጂያ ሁለት ባልና ሚስቶች፣ አራት ጥቁሮች፣ በነጭ መንጋ ተገደሉ። የ17 ዓመቱ ተማሪ ለአትላንታ ኮንስቲትዩሽን ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈ፤ ጥቁር ሕዝብ የሚፈልገው እንደ ማንኛውም ዜጋ የመሥራት፣ የመማርና የመምረጥ መብት እንደሆነ አስረዳ። ወላጆቹ የልጃቸውን ማንነት የለዩት ያን ጊዜ ነው።

በ1947 ለአባቱ ልቡ ወደ አገልግሎት እንዳዘነበለ ነገራቸው። አባቱም የሙከራ ስብከት እንዲያደርግ በኤቤኔዘር ትንሿን አዳራሽ ሰጡት። ሕዝቡ ሞልቶ ስለተረፈ ጉባኤው ወደ ዋናው ቤተ መቅደስ ተዛወረ። በፌብሩዋሪ 25 ቀን 1948፣ በ19 ዓመቱ፣ የሰባኪነት ሹመት ተቀበለ፤ በጁንም በሶሲዮሎጂ ተመረቀ።

ከዚያ በኋላ

ከዚህ በላይ ያለውን በአጭሩ እንለፍ። ወጣቱ በፔንሲልቬኒያ፣ በክሮዘር ሴሚናሪ፣ ከነጮች ጋር በአንድ ክፍል ተማረ። በዚያ ንጽሕናውንና ሰዓቱን ከመጠን በላይ ይጠብቅ ነበር፤ በእርሱ ስሕተት ወገኖቹ ሁሉ እንዳይታሙ ይፈራ ነበርና። ይህን ፍርሃት የስደተኛ ልጅ ያውቀዋል። በ1951 ከክፍሉ አንደኛ ሆኖ ተመረቀ። በሞርሃውስ ተራ ውጤት ያመጣው ልጅ ማለት ነው። ወደ ቦስተን ዩኒቨርሲቲ ሄዶ በ1953 ኮሬታ ስኮትን አገባ፤ በ1955ም የዶክትሬት ማዕረግ ተቀበለ።

በዚያው ዓመት በዲሴምበር፣ በሞንትጎመሪ አላባማ፣ ዶክተር ኪንግ 381 ቀን የቆየውን የአውቶቡስ አድማ እንዲመሩ ተመረጡ። በ15 ዓመታቸው በአውቶቡስ ቆመው የተጓዙት ልጅ በ26 ዓመታቸው ሕዝባቸው ያለ ጥላቻና ያለ ዱላ ከዚያ አውቶቡስ እንዲወርድ ጠሩ። በኤፕሪል 4 ቀን 1968 በ39 ዓመታቸው ተገደሉ። በሞርሃውስ በተደረገው ሥርዓተ ቀብር ላይ ስለ እርሳቸው የተናገሩት አረጋዊው መምህራቸው ዶክተር ሜይስ ነበሩ። መቃብራቸው ዛሬ ከተወለዱበት ቤት ብዙ ሳይርቅ በኤቤኔዘር አጠገብ ይገኛል።

ለእኛ የሚቀረው

ይህን ልጅ ያሳደገው አንድ ሰው አይደለም። እውነቱን በማዕድ ላይ የነገሩት ወላጆች፣ ቅዱስ ታሪክ ያወረሱት አያት፣ በአራት ዓመቱ በጉባኤ ፊት ያቆመው ቤተ ክርስቲያን፣ ሲከራከራቸው ያልተቈጡት መምህር አሉ። አያቱ ያላዩትን ፍሬ የዘሩለት ትምህርት ቤትም አለ። ቍስሉን ማስቀረት አልቻሉም፤ ብቻውን እንዳይሸከመው ግን አደረጉ።

የደብራችንን በዓል ስናከብር ሕንፃውን ያሠሩትን አባቶችና እናቶች እናመሰግናለን። የእነርሱ ድካም ፍሬው የሚታየው ግን በልጆቹ ነው። ልጃችን ከትምህርት ቤት አዝኖ ሲመጣ ከስልካችን ቀና ብለን እንስማው። በሰንበት ትምህርት ቤት ከባድ ጥያቄ ሲያነሣ ዝም አናሰኘው፤ ወደ አባቶች እናቅርበው። በአማርኛ ቢሰናከል አንሳቅበት፤ ቅዳሴውን እንዲያስተውል እንርዳው። አንድ ቅዳሜም ወደ ኦበርን ጎዳና ይዘነው እንሂድ፤ ቤቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑንና መቃብሩን በእግሩ ይሂድበት። በመካከላቸው ያለው ርቀት አጭር ነው፤ በውስጡ ያለፈው ሕይወት ግን ብዙ ያስተምራል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።